ሠላሳ ስድስት ለባዶ፦ ለክለባችን ፕሬዝዳንት ስለ ወንድሜ ቀኝ እጅ የተጻፈ

ታልማን ፎልስ፣ ሐምሌ 1875 እ.ኤ.አ.

ለክቡር ሚስተር ሊሳንደር ዊትኮም
የታልማን ፎልስ አረንጓዴ ካልሲ የቤዝቦል ክለብ ፕሬዝዳንትና የአዝራር ፋብሪካው ባለቤት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በጨዋታው ሜዳ ከድንኳንዎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ ፀሐይዋ ዞራ ግራ ጆሮዎን እንዳገኘችው ሰምቼ ከልብ አዝኛለሁ፤ አሁን እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። የባለቤትዎ፣ የፋብሪካዎና የፈረሶችዎ ጤና እንዲበዛ፣ በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ እንደተፈጠሩ ቀጥ ብለው ሹካና ቢላዋ ያለ ችግር እንዲይዙልዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኛም በቤታችን ደህና ነን። ከአሥር ጣት ስምንቱ ደህና ከሆነ ደህና ነን ማለት ይቻላል ብዬ ነው።

ምናልባት ስሜን ሰምተው አያውቁ ይሆናል። እኔ ቴርዛ ኩምብስ፣ ከድልድዩ አጠገብ ያለውን የተከራዮች ማደሪያ የማስተዳድር ባልቴት ነኝ። ክለብዎ ከሌላ ከተማ በደመወዝ ያስመጣቸው ተጫዋቾች የሚያድሩት እኔ ቤት ነው፤ ተጋጣሚ ቡድን ሲመጣም ባለሜዳው እንግዶቹን እራት ማብላት አለበትና፣ ያን እራት የምሠራው እኔው ነኝ። ስለዚህ ቤዝቦልን የማውቀው በድስት በኩል ነው ቢሉኝ አይከፋኝም። ወንድሜ ኤልካና ፕራት የክለብዎ ቀላቢ ነው፤ መቺው ዱላውን ይዞ ሲቆም ከኋላው ሆኖ፣ ወርዋሪው ከፊት የሚልካትን ኳስ በባዶ እጁ የሚይዘው ሰው ማለት ነው። ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ የበረዶውንም ወራት ሙሉ፣ በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነው። ከእርሳስ የተሠሩትን ጥቃቅን ፊደሎች በቀኝ እጁ ጣቶች ከሣጥን አንድ በአንድ እያነሣ ይደረድራል። ኳስ ቀላቢን የምትፈልገው ጉልበቱ እስኪደክም ነው፤ ፊደል ግን እስከ ሽበቱ ያበላዋል። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እሱ ያውቀዋል ብዬ ለመማል ግን አልደፍርም።

አሁን ወደ ደስታው ልምጣ። እንኳን ደስ ያለዎት! ሠላሳ ስድስት ለባዶ! በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ዘጠኝ ሰው በባዶ እጁ ኳስ በሚያሳድድበት ጨዋታ መሾለኳ የማይቀር ስለሆነ፣ ምንም ያህል ደካማ ቡድን ቢሆን ሁለት ሦስት ነጥብ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ክቡርነትዎ በሆቴሉ መግቢያ ባሠሩት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ያሸነፍንባቸው ኳሶች ወርቃማ ቀለም ተቀብተው፣ ውጤታቸው ተጽፎባቸው ተደርድረዋል፤ ባዶ የተጻፈበት ግን አንድም አልነበረም። ያ ነገር እንቅልፍ ይነሣዎት እንደነበር ከፀጉር አስተካካዩ ጀምሮ እስከ ሰባኪያችን ድረስ የማያውቅ የለም። እነሆ እንቅልፍዎ ተመልሷል፤ የወንድሜ ግን ገና ነው።

በዚህ ታላቅ ድል ምክንያት ለክቡርነትዎ የማቀርባቸው ጥቂት ምስጋናዎች አሉኝ። እርስዎ የሥራ ሰው በመሆንዎ ጊዜዎን እንዳላባክን ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ተጋጣሚያችን ምርጫ አመሰግናለሁ። የባሬት ላንዲንግ ክለብ ከተጫዋቾቹ አራቱ በዚያው ሳምንት የተሻለ የሚከፍል ክለብ አግኝተው በባቡር ስለ ኮበለሉበት፣ ጨዋታው ለሌላ ቀን ይተላለፍልን ብሎ በትሕትና ለምኖዎት ነበር። እርስዎም በዚያው ትሕትና እምቢ አሉ። ምስኪኖቹ አምስት ሆነው መጡና የቀሩትን አራቱን ከገዛ ባቡር ጣቢያችን ለቀሙ፦ አንድ መድኃኒት ቀማሚ፣ አንድ ፀጉር ቆራጭ፣ ከብት ሊሸጡ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች። መድኃኒት ቀማሚው መነጽሩን በክር ከጆሮው ጋር አስሮ በእሑድ ጫማው ሲሮጥ የተመልካቹ ሳቅ እኔ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። «ዶክተር፣ ማንኪያ ይምጣልህ!» ይሉታል ኳሷ ባመለጠችው ቁጥር። «ኧረ ተዉት፣ ከምግብ በኋላ ነው የሚውጣት!» ይላል ሌላው። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽዎትም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እርስዎ ግን ቆጣቢ ነዎትና በአንድ ምሳር ሠላሳ ስድስት ጊዜ መቱት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጓንቱ አመሰግናለሁ። በፀደይ ወራት ኤልካና እጁ እንደ ሊጥ አብጦ ሲመጣ ሆዴ አልችል ብሎ፣ ሟቹ ባለቤቴ ጋሪ ይነዳበት ከነበረው የቆዳ ጓንት ላይ የጣቶቹን ጫፍ ቆርጬ፣ መዳፉን በሱፍ ሞልቼ ሰፋሁለት። እንዳያፍርበት የቆዳውን ቀለም ከእጁ ጋር ለማመሳሰል የደከምኩትን ድካም እግዚአብሔር ያውቃል። በዚህች ከተማ ወንድ ወንድነቱ የሚታየው በጣቱ ጠማማነት መሆኑን ለእርስዎ አላስተምርም። ጡረታ የወጡ ተጫዋቾች በመጠጥ ቤት ተቀምጠው፣ ሌላው ዓለም ፈረስ እንደሚያወዳድር፣ የተጣመመ ጣታቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያወዳድራሉ። የአንደኛው አውራ ጣት ወደ ኋላ ዞሮ ቀርቷል፤ በዚያ ጣት ስንቴ ቢራ በነፃ እንደተቀዳለት ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። እናም ክቡርነትዎ በሁለተኛው ዙር ጓንቱን ከሩቅ ለይተው አይተው፣ ከድንኳንዎ ተነሥተው፣ በዚያ በፋብሪካው ግቢ በምናውቀው ድምፅዎ፣ «ፕራት! ሙሽሪት ሆነህ ነው እንዴ የመጣኸው? ቀለበቱን የሚያጠልቅልህስ ማነው?» አሉ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ወንድሜም አብሮ ሳቀና ጓንቱን አውልቆ ኋላ ኪሱ ከተተው። የሚያበግነኝ ደግሞ ይኸው አብሮ መሳቁ ነው! አንድ ጊዜ ፊቱን ቢያኮሳትር፣ አንድ ጊዜ «ጌታዬ፣ እጁ የኔ ነው» ቢል ምን ነበረበት? ግን ኤልካና ከልጅነቱ ጀምሮ ለትልቅ ሰው «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አያውቅም፤ እርስዎም ይህን ከእኔ አስቀድመው አውቀውበታል።

ሦስተኛውን በጨዋ ደንብ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ አሁን እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዘጠነኛውና የመጨረሻው ዙር ነበር። የእኛ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ተቆጥሮ አልቋል፤ ከእንግዶቹ ሁለቱ ከጨዋታ ወጥተዋል፤ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፣ እሱ ከወጣ እራት ይቀርባል። እኔም ድንቹን አውጥቼ፣ እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ እስከ አጥሩ ድረስ መጥቼ ቆሜያለሁ። ያ መድኃኒት ቀማሚ የእኛ ሰዎች በሳቅ ተጠምደው ኳስ ሲጥሉ፣ እሱም ራሱ ሳያምን፣ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው እየሮጠ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ቆሟል። ከዚያች ቦታ ኤልካና ወደቆመበት መነሻ ሮጦ ከገባ አንድ ነጥብ ነው። ኤልካና ጓንቱን ካወለቀ ወዲህ በባዶ እጁ ከመቺው ራቅ ብሎ ቆሞ ኳሷን ነጥራ ስትደክም ነበር የሚይዛት፤ ብልህ ቀላቢ የሚያደርገው ይኸንኑ ነው። እንዲህ ሲቆም ግን አልፎ አልፎ ታመልጠዋለች፤ ካመለጠችው ደግሞ መድኃኒት ቀማሚው ይገባል። ይግባ! ሠላሳ ስድስት ለአንድ ቢሆን ማን ይሞት ነበር? ያ ሰው ለልጅ ልጆቹ የሚያወራት አንዲት ነጥብ ይዞ ቢሄድ ከአዝራር ፋብሪካው ስንት አዝራር ይጎድል ነበር?

እርስዎ ግን ተነሡ። ዘንግዎን ወደ ወንድሜ ቀስረው፣ «ተጠጋ! ከዱላው ሥር ግባ! ባዶዬን ነው የምፈልገው!» አሉ። አጥሩ ላይ የነበርን ሁሉ ሰምተናል። የተጫዋቾቹ አለቃ ካፒቴን ሩፈስ ሄይል እንኳ አንድ ጊዜ ወደ እርስዎ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኤልካና አይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ኤልካና ወደ ኪሱ እጁን ሰደድ ሲያደርግ ዐይኔ አይቷል፤ ወዲያው ግን የሁለተኛው ዙር ሳቅ ትዝ ብሎት ይመስለኛል፣ እጁን መለሰው። ተጠጋ። ከሁለቱ ከብት ሻጮች አንዱ ዱላውን ሲወነጭፍ ኳሷ የዱላውን ጠርዝ ነክታ አቅጣጫዋን ለወጠችና በቀጥታ ቀኝ እጁ ላይ አረፈች። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ ማገዶ በጉልበት ሲሰበር እንደዚያ ነው። አመልካች ጣቱና የመሐል ጣቱ ወደ ኋላ ታጠፉ፤ አንዱ አጥንት ቆዳውን ቀድዶ ወጣ። ኳሷን ግን አልጣላትም! በደረቱና በግራ እጁ አቅፎ ያዛት። ኳሷ መሬት ሳትነካ ስለተያዘች መቺው ወጣ፣ ጨዋታው አለቀ፣ ባዶዎ ባዶ ሆኖ ቀረልዎ።

አራተኛ፣ በሰልፉ ላይ ስላሳዩት ሥርዓት አመሰግናለሁ። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ሲገባ ኤልካናን ወደ ትከሻቸው የሚያነሡት መስሎኝ ልቤ ደስ ብሎት ነበር፤ እነሱ ግን ከእጁ ላይ ኳሷን ወስደው፣ በትራስ ላይ አስቀምጠው፣ በሙዚቃ ቡድን አጅበው ወደ ሆቴሉ ሄዱ። የክለቡም ሐኪም ንግግር የማድረግ ተራ ደርሶት ስለነበር ከእርስዎ ኋላ ተሰልፏል። ወንድሜ ሣር ላይ ተቀምጦ በቀረ ጊዜ የመጣለት ሰው ማን ይመስልዎታል? ከተሸናፊዎቹ አንዱ፣ ከጣቢያው የተለቀመው ያ ፀጉር ቆራጭ፣ ዴኒስ ጌራቲ የሚባል አየርላንዳዊ። ጣቶቹን ቀጥ አድርጎ በሁለት ማንኪያዬ መካከል አስሮ፣ ላቡን እየጠረገ፣ «እሜቴ፣ እኔ ጢም ነው የማውቀው፣ አጥንት አላውቅም፤ ግን ይህ ልጅ ሌላ ኳስ በዚህ እጁ ከያዘ እጁን ይርሱት» አለኝ። በማግስቱ የራሳችን ሐኪም ከንግግሩ አርፎ መጣና አየው፤ ያለውም ከፀጉር ቆራጩ የተለየ አይደለም። አጥንቱ ሳይገጥም አንዲት ኳስ ብትነካው ሁለቱን ጣቶች ከመቁረጥ በቀር መንገድ የለውም። ቢተዉት ግን፣ እስከ መኸር ቢታገሥ፣ ጠማማም ቢሆኑ ፊደል ለማንሣት ይበቃሉ።

አምስተኛም ስድስተኛም ነበረኝ። ስለ መድኃኒት ቀማሚው መነጽር መሰበርና እራቱ ላይ እንግዶቹን ሰላም ሳይሉ ስለ መቅረትዎ ልጽፍ አስቤ ነበር። ይቅር፤ ቁጥሩ አድክሞኛል፣ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ ማታ ካፒቴን ሄይል ባርኔጣውን እያሽከረከረ በረንዳዬ ላይ መጥቶ ቆመ። «እትዬ ቴርዛ፣ እኔን አይቆጡኝ፣ የተላክሁ ሰው ነኝ» አለ። «ፕሬዝዳንቱ ቅዳሜ ኤልካና ይሰለፋል ብለዋል። ባዶውን የያዘውን ቀላቢ ለማየት ከሦስት ከተማ ሰው በባቡር ይመጣል። ካልተሰለፈ ውል አፍርሷል ተብሎ ስሙ ለየክለቡ ይላካል፤ ከእንግዲህም ማንም አይቀጥረውም።» «በየትኛው እጁ ነው የሚይዘው?» አልኩት። «ይቁም ብቻ ነው ያሉት» አለ። ሩፈስ ክፉ ሰው አይደለም፤ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። እኔ ገና ለመልስ አፌን ስከፍት ከኋላዬ ከደረጃው ላይ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ፤ «እሺ፣ ቅዳሜ እደርሳለሁ በላቸው።»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ያልቃል። አንጀቴ አሯል። ያን ሌሊት እህትና ወንድም ተጨቃጭቀን አደርን። «ስሜ ይጠፋል» ይለኛል። «እጅህስ?» እለዋለሁ። «ሰው ምን ይለኛል፣ ለሁለት ጣት ብሎ ፈራ ይሉኛል» ይላል። እርስዎ በድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጠው በዘንግ ያስተማሩትን እኔ በአንድ ሌሊት ልነቅልለት አልቻልኩም። እኔ ልለምነው፣ ላለቅስበት፣ ጫማውን ልደብቅበት እችላለሁ፤ እርስዎ ግን አንድ ቃል ብቻ ልከው ያስነሡታል። ይህን ሥልጣን ማን እንደሰጠዎት ባውቅ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ሳይሆን ለሰጪው እጽፈው ነበር።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምነው፣ በመጪው ቅዳሜ ክለብዎ በወንድሜ ቦታ ሌላ ቀላቢ እንዲያቆም፣ ሌላ ቀላቢ ከጠፋም ክቡርነትዎ ራስዎ ኮትዎን አውልቀው ከዱላው ሥር እንዲገቡ ነው። ጓንቱን በደስታ አውሰዋለሁ፤ እጥበዋለሁም። ሙሽሪት ብሎ የሚስቅብዎት ሰው አይኖርም፤ በዚህ ከተማ በእርስዎ ለመሳቅ የሚደፍር ሰው ካለ ያው እኔ ነኝ፤ እኔም ቅዳሜ ሥራ ይበዛብኛል። ወንድሜም ውል አፍርሷል ተብሎ ስሙ የሚላክ ከሆነ፣ ውሉ ላይ ጣት ይሰጣል የሚል አንቀጽ የት እንዳለ ጨምረው ቢልኩ የየክለቡ ቀላቢዎች አንብበው ይጠቀሙበታል።

የተከበሩትን ጊዜዎን በሁለት ጣት ነገር ስላጠፋሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክለብዎ ባዶ የበዛበት ዘመን፣ ለፋብሪካዎ ብዙ አዝራር፣ ለጆሮዎም ቶሎ መዳንን እመኛለሁ።

የድልዎ ታዛቢ፣ የተጫዋቾችዎ መጋቢ፣ የተረፈውን ሥጋና የተሰበረውን አጥንት ጠራጊ፣
ቴርዛ ኩምብስ፣ የድልድዩ ባልቴት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ከተማው ሁሉ እንዲያነብበው ወንድሜ ለሚሠራበት ጋዜጣ ሰጥቼዋለሁ፤ ዘግይቶ በመውጣቱና ፊደሎቹ እዚህም እዚያም ተዛንፈው በመገኘታቸው አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፊደል ለቃሚ አማቹ አዝራር ፋብሪካ ስለሚሠራ አልነካውም አለ፤ አዘጋጁም፣ ደፋር ሰው ነው፣ የሚለቅመው ከተገኘ አወጣዋለሁ ብሎ ጠረጴዛ ላይ ተወው። ትናንት ወንድሜ ሲመሽ ወደ ቤት ሳይመጣ ቀርቶ ልፈልገው ብሄድ፣ የታሰረ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በግራ እጁ ፊደል ሲያነሣ አገኘሁት። ቃል በቃል እያነበበ ለቅሞታል። እርስዎን የሰደብኩባቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነውር ነው ብሎ አውጥቷቸዋል፤ ስለራሱ የጻፍኩትን ግን አንዱንም አልነካም። እኔም ፋኖሱን ያዝኩለት። ሲጨርስ ከታች አንዲት መስመር ቦታ እንዳለች አየና፣ ሳይጠይቀኝ የራሱን ጨመረባት፤ እኔም እንዳለች ትቼዋለሁ፦

ቅዳሜ አልመጣም። ኤልካና ፕራት፣ ፊደል ለቃሚ።